ከደጋ ወደ ቀዝቃዛው ባሕር፦ ስኩባ ለመማር ለምታስቡ የሰሜን ሸዋ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሞቃቱን ቀይ ባሕርና ኮራሉን ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ቀዝቃዛ ባሕር፣ በተለይም ስለ ኬፕ ታውን ዳርቻ ነው። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ጥየቃ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ የደብረ ብርሃን፣ የመንዝ ወይም የአንኮበር ልጅ የሚያገኘው ይህንኑ ባሕር ነው። እዚያ እንግዳ ጠላቂን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ችኮላ ነው፤ ሩቅ መንገድ ተጉዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ መጥቷልና "ሳልገባማ አልመለስም" ይላል። መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚቀር ማወቅ ከመሣሪያው ሁሉ ይቀድማል።

ዝግጅቱ እዚሁ አገር ቤት ይጀምራል። የመጀመሪያው ኮርስ 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትንና 10 ደቂቃ መንሳፈፍን ይጠይቃል፤ ፍጥነት አይለካም። በክረምት የሞላ ወንዝ መለማመጃ አይሆንም፤ በቆላው ወንዞች ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። አዲስ አበባ ወርዳችሁ ገንዳ ውስጥ ከአሠልጣኝ ጋር ተማሩ። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ታምቡር መበሳት ካለባችሁ አትደብቁ። የሳንባ ነቀርሳ ታማችሁ የዳናችሁም ተናገሩ። በሽታው ጠባሳ ትቶ ከሆነ፣ በጠባሳው ጀርባ የታፈነ አየር ወደ ላይ ስትወጡ ተለጥጦ ሳንባን ሊቀድ ይችላል። የአገራችን ልጆች ይህን ነጥብ በቀላሉ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ።

የአየሩን ሒሳብ በወረቀት ሥሩት። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ይሆናል፤ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባሩ መጠባበቂያ ስለሆነ አይነካም፤ የሚቀረው 1,800 ሊትር ነው። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በ20 ሜትር 60 ሊትር ይፈጃል፤ ስለዚህ አየሩ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ መውጫውም ከዚሁ ላይ ይታሰባል። በ10 ሜትር 45 ደቂቃ ይቆያል። ብርድና ፍርሃት ትንፋሽን ስለሚያፋጥኑ ጀማሪ ከዚህ ቀድሞ ይጨርሳል። ስትወጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አትፍጠኑ፤ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሙ። ትንፋሽ ፈጽሞ አይያዝም። ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ሊሆን ይገፋል፤ ሳንባ ያን አይችልም።

የመንዝ ልጅ ብርድ ያውቃል። ውሃ ግን የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል፤ ጋቢ የለመደ ገላ ለዚህ አይዘጋጅም። ለኬፕ ታውን 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት የሚባል የጠላቂ ልብስ ከነኮፍያው፣ ጓንትና ቦት ያስፈልጋል። ዌትሱቱ የተሠራው ጥቃቅን የአየር አረፋ ካለበት ጎማ ነው። ስትወርዱ አረፋው ይጨመቃል፤ ልብሱ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ እናንተም ትከብዳላችሁ። ያን ጊዜ አየር የሚሞላው የጠላቂ ጃኬት ላይ ጥቂት ጥቂት አየር ጨምሩ፤ ስትወጡ ደግሞ አስቀድማችሁ አስወጡት፤ አለበለዚያ ይዟችሁ ይፈነጠራል። ለመስመጥ የምትታጠቁትን የእርሳስ ብረት ክብደት ለመለካት ጃኬቱን ባዶ አድርጉ፤ በመደበኛ ትንፋሽ ውሃው ዓይናችሁ ላይ መድረስ አለበት፤ ስታስወጡ መስመጥ አለባችሁ። ሲሊንደሩ ሙሉ ከሆነ 2 ኪሎ ያህል ጨምሩ፤ የምትተነፍሱት አየር የሚመዝነው ይህንኑ ያህል ነውና። ገና መንቀጥቀጥ ስትጀምሩ ውጡ። የደነዘዘ ጣት ዘለበት አይፈታም።

ቦታውን የሚመርጥላችሁ ንፋስ ነው። በእነሱ በጋ፣ እኛ ዘንድ ውርጭ በሚወርድበት ታኅሣሥ አካባቢ፣ ደቡብ ምሥራቁ ንፋስ በአትላንቲክ በኩል የላዩን ውሃ ወደ ጥልቁ ባሕር ይገፋዋል፤ በምትኩ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ውሃው ግን ጥርት ይላል። ያን ጊዜ እንደ ኦውደክራል ያሉ የአትላንቲክ ቦታዎች መልካም ናቸው። ይኸው ንፋስ ፎልስ ቤይ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ያናውጠዋል። በክረምት፣ ሰኔና ሐምሌ፣ ነገሩ ይገለበጣል። የሰሜን ምዕራቡ ማዕበል አትላንቲክን ሲያንገላታ የፎልስ ቤይ ምዕራባዊ ዳርቻ በተራራው ተከልሎ ጸጥ ይላል። የእኛም የእነሱም ክረምት ስለሚገጥም፣ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የሚሄድ ተማሪ ለፎልስ ቤይ ይመቸዋል። ሞገዱ ድንጋይ ላይ በኃይል ሲሰበር ካያችሁ ግን የትም ቢሆን አትግቡ፤ ውስጥም ወደ አለት ያላጋችኋል።

በፎልስ ቤይ ዳር ባለችው ሳይመንስ ታውን ያለው ሎንግ ቢች አሸዋማና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ለመጀመሪያ ልምምድ ይሆናል። ቀጥሎ ዊንድሚል ቢች ይመጣል፤ ትልልቅ ድንጋይና ኬልፕ የሚባል የባሕር አረም አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆን ተብሎ የሰመጠው ፒተርማሪትስበርግ የሚባል መርከብ 22 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። የጀማሪ ፈቃድ እስከ 18 ሜትር ብቻ ነውና መርከቡ ወዳረፈበት የባሕር ወለል ለመውረድ ሁለተኛውን ኮርስ ጠብቁ። የስሚትስዊንክል ቤይ መርከቦች ከ30 ሜትር በላይ ይጠልቃሉ፤ አሁን የእናንተ አይደሉም።

ኬልፕ ትልቅ የባሕር አረም ነው። ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ከብዙ ሜትር በታች እስከ ውሃው ገጽ ያድጋል፤ ግንዱ ክፍት ስለሆነ አየሩ ያንሳፍፈዋል። ከታች ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ ወፍ ዋሻ ደን ገብቶ ጥዱንና ዝግባውን የሚያይ ያህል ነው። ሥር ግን የለውም፤ ምግቡን ከውሃው በቅጠሉ ይወስዳል። ቢይዛችሁ አትሽከርከሩ፤ ይጠመጠምባችኋል። ቁሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ካስፈለገ ግንዱን አጥፉት፤ ቶሎ ይሰበራል። ስትወጡ አንድ እጅ ከራስ በላይ ይሁን። አየር ተርፏችሁ ከቅጠሉ ሥር መዋኘት ከላይ ከመታገል እጅግ ይቀላል፤ የ50 ባሩ መጠባበቂያ አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ከሥሩ ያለውን ሕይወት ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ሻይሻርክ የምትባለው ትንሽ ሻርክ ስትደነግጥ ክብ ሆና ትጠቀለልና ዓይኗን በጅራቷ ትሸፍናለች፤ አትንኳት። ሮማን የሚባለው ቀይ ዓሣ ሴት ሆኖ ያድግና ኋላ ወንድ ይሆናል፤ ትልልቁ ከተጠመደ ወንዱ ያልቃል። እሾሃማው የባሕር ጃርት ደግሞ ጥቅም የሌለው ይመስላል። ነገር ግን አባሎኒ የምትባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ልጆች ከእሾሁ ሥር ተደብቀው ያድጋሉ። ሎብስተር የሚባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ከፎልስ ቤይ ምሥራቃዊ ጫፍ ከኬፕ ሃንግክሊፕ ወደ ምሥራቅ ተስፋፍቶ ጃርቱን ሲበላ፣ መጠለያ ያጡት የአባሎኒ ልጆች ተመናመኑ፤ ሕገ ወጥ አጥማጆችም ትልልቁን ጨረሱት። ለመዝናናት አባሎኒ ማጥመድ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ማንም "አንዲት ብቻ" ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

የሚረሳው የመመለሻው ነገር ነው። ስትጠልቁ ናይትሮጅን በሰውነታችሁ ይሟሟል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ አረፋ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 12፣ ደጋግሞ ከጠለቁ በኋላ 18 ሰዓት ይጠበቃል። ይህ መመሪያ የውስጥ አየር ግፊቱ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ለማያንስ የአውሮፕላን ክፍል የተሰላ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ግፊት ይቀንሳልና። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወደ ደጋ የሚመለስም በዚሁ ይገዛል። ደጋ ተወልዶ ማደግ ከዚህ አያድንም። እኔ የምመክረው ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቃችሁ በኋላ 48 ሰዓት ባሕሩ ዳር እንድትቆዩ ነው። የመመለሻ ትኬታችሁን ከመጀመሪያው በዚህ አስሉት።

ከተመለሳችሁ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም የእግር መዛል ከተሰማችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ። ሆስፒታል ሄዳችሁ ኦክስጅን በማስክ ጠይቁ፤ መጥለቃችሁንም በግልጽ ተናገሩ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ አይጠረጥርም። ስትጠልቁ እጃችሁ ላይ የምታስሩትን የጠላቂ ኮምፒዩተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀኑ፣ ጥልቀቱና ደቂቃው ተመዝግቦበታል።