በጭቃና በድንጋይ ሥራ ለመተዳደር ከየት ልጀምር?

እህታችን፣

ከደብረ ብርሃን የላክሽልን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሕንፃ ግንባታ ደረጃ 3 ጨርሰሻል፤ ሲሚንቶና ብሎኬት ትተሽ በአፈር፣ በድንጋይና በእንጨት መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ ቤተሰብሽ ግን «ተምረሽ ተምረሽ ጭቃ ልታቦኪ ነው?» ይልሻል። የአፈር ብሎኬት ማምረቻ ማሽን ገዝቼ ልጀምር ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ማሽኑን አሁን አትግዢ። ብሎኬት ከማምረትሽ በፊት ገዢ ማግኘት አለብሽ፤ የሚጠገን ጭቃ ቤት ግን በየሰፈሩ አለ። እንጀራሽ ከጥገና ቢጀምር ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። ደግሞም ግድግዳ ለምን እንደሚበላሽ ያላወቀ ሰው አዲስ ቢሠራም ያንኑ ጥፋት ይደግመዋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምሽ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ቤቱን ያጠናከረ ይመስለዋል። ጭቃ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግትር ስለሆነ አብሮት መንቀሳቀስ አቅቶት ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ከውስጥ ይላሽቃል፣ ቋሚውና ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ግድግዳውን በጣትሽ አንጓ አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ልስኑ ለቋል።

እንዲህ ያለ ቤት ስትረከቢ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጊ። አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው የሚጎዳው ከታች ነው፦ የጣሪያው ክፈፍ አጭር ሆኖ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ከመሬት ነጥሮ ግድግዳውን ይመታዋል። ክፈፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መውጣት፣ የድንጋይ መሠረቱም ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር መነሳት አለበት። ከዚያ የለቀቀውን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ አንሺ፤ በማሽን ከተመታ ጤነኛው ጭቃም አብሮ ይወርዳል። የቋሚዎቹን እግር መሬት በሚነኩበት ቦታ በቢላ ጫፍ ውጊ። ቢላው ያለ ኃይል ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ ጣሪያውን ደግፈሽ የተበላሸውን ቁረጪና ከሥሩ ድንጋይ ግንቢለት። ግድግዳው ሳይደርቅ ግን ልስን አትንኪ።

ለምርጊቱ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት እያራስሽና እያስረገጥሽ አቡኪው። ጭዱ በስብሶ ሲዋሃድ ጭቃው ይጣበቃል፣ ስንጥቁም ይቀንሳል። ለላይኛው ልስን የተነፋ አፈርና አሸዋ ያስፈልግሻል፤ መጠኑን በግምት አትወስኚ። እዚያው ግድግዳ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆኑ ሦስት ሙከራዎች ለስኚ፦ አፈር ለአሸዋ 1 ለ1፣ 1 ለ2፣ 1 ለ3። ሲደርቁ የተሰነጠቀው ሸክላ (የሚጣበቀው ደቃቅ አፈር) በዝቶበታል፣ በእጅ ሲታሽ የሚራገፈው አሸዋ በዝቶበታል። ደንበኛሽን እዚያ አቁመሽ አሳዪው፤ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ያሳምነዋል። ማጠናቀቂያው በእበት መለቅለቅ ወይም እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ደጋግሞ መቀባት ነው። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት ሳታደርጊ አትንኪው።

ወደ አፈር ብሎኬት የምትሄጂው አፈር ማንበብ ስትችዪ ነው። ከላይኛው ለም አፈር በታች፣ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረሽ ናሙና ውሰጂ። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን በአፈር ሙዪና ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምረሽ አናውጪው፤ አሸዋው ወዲያው፣ ሸክላው ከአንድ ቀን በኋላ ይረጋል። ቀጥሎ ውስጡ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ዘይት ቀብተሽ እርጥብ አፈር ጠቅጥቂበት፣ ጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ተዪው። የደረቀውን ወደ አንድ ጫፍ ገፍተሽ ክፍተቱን ለኪ። ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በእጅ መጭመቂያ ለሚሠራ ብሎኬት 1 ሲሚንቶ ለ18 አፈር ይበቃል፤ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1 ለ12 ይጠይቃል። ከዚያ ካለፈ አሸዋ ቀላቅለሽ እንደገና ሞክሪ። ዋልካ ከሆነ ሌላ አፈር ፈልጊ፤ እርጥበት ሲያገኝ ማበጡ ይህን ሁሉ ድካም ያፈርሰዋል። የተመረተው ብሎኬት ቢያንስ ለ7 ቀን ተሸፍኖ እርጥበቱን ካልያዘ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል፤ ጠርዙ በእጅ ይፈረፈራል።

የግንበኝነት የብቃት ምዘናሽን አትተዪ። ጨረታም ሆነ ቅጥር የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው። ነባር ቤቶችን የሚጠግኑ ፕሮጀክቶችም አንድ መግቢያ ናቸው፤ በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ነባር ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ በመሆናቸው ሁልጊዜ ጠጋኝ ይፈልጋሉ።

ዋጋ ስትነጋገሪ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች በቁርጥ አትያዢ፤ ከሲሚንቶው ሥር የተደበቀውን ብስባሽ ሳታዪ ወስነሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ለማንሳቱና ለምርመራው በቀን ሂሳብ ተስማሚ፣ ልስኑን በካሬ ሜትር። በእያንዳንዱ ንብር መካከል ያለው የማድረቂያ ጊዜ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ «ለበዓል ድረሽልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ልስን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሥሪ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የሠራሻቸውን ቤቶች ዝናብ እየዘነበ ሄደሽ እያቸው፤ ውሃው ግድግዳውን የነካበትን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርጊና ለሚቀጥለው ቤት መሠረቱን ከዚያ በላይ አስነሺ።