ደህና ነኝ ያልሽበትን ቀን ተጠንቀቂው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቴ ከወጣ በኋላ፣ ከጀርባዬ ጡንቻ ተወስዶ ጡት ተሠራልኝ። አሁን ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደህና ነኝ ብዬ ተነሳሁና ልብስ አጠብኩ፣ እንጀራ ጋገርኩ። እሑድና ሰኞ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጠያቂ ሲመጣም ተኝቼ መቀበል ያሳፍረኛል። ሰነፍኩ ይሆን?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ኧረ አልሰነፍሽም። የቅዳሜውን ሥራ ነው እሑድና ሰኞ የከፈልሽው።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሕመም የጸናባት ሴት ራሷን ትጠብቃለች። እኔን የሚያስፈራኝ ሻል ያላት ናት። ታናሽ እህቴ እንዳንቺው ከጀርባዋ ተወስዶ ነበር የተሠራላት። በአራተኛው ሳምንት ውሃ መጣ ሲባል አንድ ጀሪካን ይዛ ደረጃ ወጣች። ባለ 20 ሊትር እኮ 20 ኪሎ ነው! ጀርባዋ ላይ ቁስሉ ሥር ውሃ ቋጠረ፣ በመርፌ ለማስቀዳት ሦስቴ ተመላለሰች።

እንጀራውንም ቀላል አታድርጊው። ሊጡን ከዳር ወደ መሀል ስታዞሪ ትከሻሽ፣ ደረትሽና ጀርባሽ አብረው ይሠራሉ። አክምባሎ ማንሳት አለ፣ በሰፌድ ማውጣት አለ። ያ ሁሉ ሃያ ጊዜ! ደግሞ አዲሱ ጡት ላይ ያለው ቆዳ ስለሚደነዝዝ እንፋሎቱ ቢያቃጥልሽም ላይታወቅሽ ይችላል። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልተሽም እዚያ ላይ እንዳታደርጊ።

አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6ኛው ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም። ከ2 ኪሎ ስኳር የሚከብድ ከሆነ ተዪው። ሐኪምሽ ሌላ ልክ ከነገረሽ የሐኪምሽን ያዢ። እስከዚያ እንጀራው ይገዛ።

መንቀሳቀሱን ግን እንዳትተዪ። ተኝቶ መዋል እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ ግቢው ውስጥ ተራመጂ። ደረጃውን ቀስ ብለሽ፣ በየፎቁ ቆም እያልሽ ውጪ። ሳይደክምሽ፣ "ገና እችላለሁ" እያልሽ አቁሚ። በማግስቱ ካልከበደሽ 5 ደቂቃ ጨምሪ፤ ከከበደሽ ወደ ትናንቱ ተመለሺ።

ጠያቂ የመጣው ላንቺ ብሎ ነው፣ ቡናውን እነሱ ያፍሉት። ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙ ግን ይቅር፣ ቁስሉን ይጫነዋል። ልጅ ካለሽ በር ላይ "እማዬን በእጅ ብቻ ሰላም በሏት" ይበልልሽ።

ትኩሳትሽ ከ38 ካለፈ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ የጡቱ ቆዳ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ባትሽ አብጦ ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽማ ቀኑ ሌሊቱ አይባልም፣ ወዲያው!

በሚመጣው ቅዳሜ ስንት ደቂቃ እንደተራመድሽ ጻፊልኝ።