ስለ ኬሚስትሪ ድኅረ ምረቃ ጠይቁ፤ «ስኮላርሺፕ አለ ወይ» ብቻ አይሁን

ሲሊካ፦ ባለፈው ሳምንት ሦስት አባላት ስለ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ በየግላቸው ስለ ጠየቁኝ፣ እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ሥራዬ በዕፅዋት ውስጥ ያሉ ውህዶችን ለይቶ ማውጣትና ማንነታቸውን ማወቅ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሁለቱን ዲግሪዎች አራት ኪሎ፣ ሦስተኛውን ውጭ አገር ሠራሁ። ስለ ባትሪ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ፖሊመር የሚጠይቅ ሌላ ሰው ይፈልግ። እስከ ነገ ማታ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን በምትነኩት ዕቃ ሁሉ ላይ ቀን ጻፉ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ከአሁኑ ልመዱት።

የማታ ተማሪ፦ ጋሼ፣ የኬሚስትሪ ማስተርስ እንዴት ነው?

ሲሊካ፦ ጋሼ አይደለሁም፤ ሴት ነኝ። «እንዴት ነው» ደግሞ ጥያቄ አይደለም። አስበህ ተመለስ።

የማታ ተማሪ፦ ይቅርታ እትዬ።

ከሐዋሳ፦ አማካይ ነጥቤ 2.9 ነው። ይቀበሉኛል?

ሲሊካ፦ የሬጅስትራር ሠራተኛ አይደለሁም። የመግቢያ ፈተናውን ተፈተን፣ አመልክት፣ መልሱን ከእነርሱ ስማ።

እንቆቆ፦ ዶክተር፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በእንቆቆ ፍሬ ላይ ነው። የታወቀውን የእንቆቆ ውህድ፣ ኤምበሊንን፣ አግኝቻለሁ። ከእርሱ ሌላ ከ14ኛው እስከ 17ኛው ብልቃጥ ድረስ ቀለም የሌለው ዘይት መሳይ ነገር ወጣልኝ፤ ስምንት ሚሊ ግራም ይሆናል። በኤን ኤም አር (የውህድን መዋቅር በሚያሳየው መሣሪያ) 7.71፣ 7.53 እና 4.2 አካባቢ ይታያል፤ ከዚያ በታች ብዙ ነገር ተጨናንቋል። አዲስ ውህድ ይመስለኛል፤ አማካሪዬም በጣም ደስ ብሎታል። ለመጽሔት ከመላካችን በፊት ምን ላድርግ?

ሲሊካ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ሌሎቻችሁ አጠያየቁን እዩለት።

የምጠረጥረውን አልነግርህም፤ ብነግርህ እርሱኑ ፈልገህ ታገኛለህ። በክሮማቶግራፊው (ድብልቁን በለየህበት ሥራ) ላይ የፈጀኸውን ያህል አሟሚ ከዚያው ጠርሙስ ቅዳ። በዚያው ቧንቧና በዚያው ሲሊካ (ድብልቁን በሚለየው ነጭ ዱቄት) አሳልፈው። እንቆቆ የሚባል ነገር አይድረስበት። ከዚያ አትንነውና ከብልቃጡ ግርጌ የቀረውን ከናሙናህ ጎን ቲ ኤል ሲ (ውህዶችን በነጠብጣብ የሚለይ ወረቀት) ላይ ነጥበው። እስከዚያ ለመጽሔት አትላኩ። የዛሬውን ቀን ጻፍ።

ብሩህ ተስፋ፦ እባክዎ ዶክተር፣ ውጭ አገር ለመማር ስንት ብር ያስፈልጋል? አንድ ድርጅት «ቦታ እናስይዝልሃለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኛል።

ሲሊካ፦ ሳንቲም እንዳትከፍል። በአሜሪካ የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዲግሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ መግባት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይነሣልሃል፤ የጀማሪ ተማሪዎችን ላብራቶሪ እያስተማርክ ወይም በአማካሪህ የምርምር ገንዘብ እየሠራህ የወር አበል ይከፈልሃል። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይፈጃል። ማመልከቻው በአብዛኛው በታኅሣሥ ወር አካባቢ ይዘጋል። ጀርመን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዲግሪም ይጠይቃሉ። በሳውዲ ዓረቢያ ካውስት የተባለው ዩኒቨርሲቲ ለተቀበላቸው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። በኬሚስትሪ ለሦስተኛ ዲግሪ ቦታ ገንዘብ የሚቀበልህ ሰው ደላላ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ግን አለ፤ ካቃተህ እንዲነሣልህ በትሕትና ጻፍላቸው፤ የሚያነሡ አሉ።

የደሴዋ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅ። አሁን በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ጥራት መቆጣጠሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ብማር እዚህ ሥራ ላይ ሆኜ የማላገኘው ምን ዓይነት ክህሎት አገኛለሁ?

ሲሊካ፦ እንዲህ ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አንቺ ፋብሪካው ውስጥ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ነው የምትሠሪው። ፒ ኤች ስንት መሆን እንዳለበት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ወጣ ካለ ታስቆሚያለሽ። ጥናት ላይ ግን መልሱን የያዘ ወረቀት የለም፤ ሊያታልልሽ የሚችለው የመጀመሪያው ሰው አንቺው ነሽ።

በሦስተኛ ዲግሪዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከአንድ ቅጠል አሥራ አንድ ሚሊ ግራም የሚያምር ነገር አወጣሁ። እንዴት ያለ ንጹሕ ነበር! አራት ወር ሙሉ መዋቅሩን ስሥል ከረምኩ። እናቴ ጋ ደውዬ «አዲስ ነገር አግኝቻለሁ» አልኳት፤ እርሷም ለሰፈሩ አወራች። አንድ ቀን የማስ ስፔክትሮሜትሩ (የሞለኪውል ክብደት የሚለካው መሣሪያ) ኃላፊ የሆኑት አረጋዊ ቴክኒሺያን ወረቀቴን አዩና 149 የምትለዋን ቁጥር በእርሳስ ከበቧት። «ማጠቢያ ጠርሙስሽ ከምን የተሠራ ነው?» ብቻ ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ፍታሌት ነበር፤ 149 የእርሱ ምልክት ናት። ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመር ቅባት ማለት ነው። አሟሚው ከጠርሙሱና ከቧንቧው ያጥበዋል፤ ስታተንኚው እርሱ ብቻ ይቀራል። ዘመድ አዝማድ ደስ ያለው በላስቲክ ነበር። ከዕፅ አወጣነው ብለው መጽሔት ላይ ያሳተሙትም ጥቂት አይደሉም፤ ይህ አላጽናናኝም።

ጉዳዩ የተረጋገጠው በደብተሬ ነው። ወደ ኋላ ስገልጥ «የብርጭቆው ማጠቢያ ጠርሙስ ተሰበረ፤ የፕላስቲኩን ተዋስኩ» የሚል መስመር ከነቀኑ አገኘሁ። «አዲሱ ውህድ» የታየው ከዚያ በስድስተኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት በሠራኋቸው ሁሉ አልነበረም። ያችን መስመር ባልጻፍ ኖሮ ሌላ አራት ወር በከንቱ ባለፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደስ ሲለኝ እጠረጥራለሁ።

ሌላውን ላሳጥረው፤ የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ያልጻፈውን ማግኘት፣ አንድ ሥራ ሲተንን ሌላውን መጀመር፣ ያልተሳካውን ከተሳካው እኩል በጥንቃቄ መመዝገብ። እጅሽም ይሠለጥናል፤ ይህን ግን ፋብሪካውም ያስተምርሻል።

ኬሚስት ነበርኩ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ሁሉ ለባለ ጸጋ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ተምሬ ተመርቄ አሁን ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ሲሊካ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም።

የደሴዋ፦ ታዲያ ለምን እዚህ ገጽ ላይ አሉ?

ኬሚስት ነበርኩ፦ ልማድ ሆኖብኝ። ደግሞ ልክድ አልችልም፤ የማይመጣጠን የሒሳብ መግለጫ ሲመጣ ከክፍሉ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ደመወዙን ግን አልጨመረልኝም።

ሲሊካ፦ የደመወዙ ነገር እውነት ነው፤ አልከራከርህም።

ፊደል ቆጣሪ፦ በነገራችን ላይ ለምን ኬሚስትሪ እንላለን? «ሥነ ቅመማ» የሚል ቃል እያለን?

የማታ ተማሪ፦ ቅመማ የመድኃኒት ቤት ሥራ አይደለም እንዴ? ሪአክሽን «አጸግብሮት» ሲባልም ሰምቼ አላውቅም።

ፊደል ቆጣሪ፦ አለመስማትህ የቃሉ ጥፋት አይደለም። ውህድ፣ ድብልቅ፣ አሟሚ ስትል ግን አፍህ አልተያዘም።

የማታ ተማሪ፦ እነርሱን ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኳቸው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ነገሩ እርሱ ነው! አጸግብሮትንም ስድስተኛ ክፍል ቢያስተምሩህ ኖሮ…

ሲሊካ፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ሂዱና ተከራከሩ። አጸግብሮትም በሉት ሪአክሽን፣ ያስጀመራችሁበትን ሰዓት ካልጻፋችሁ ለእኔ አንድ ነው።

የአድዋ ልጅ፦ ዶክተር፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ኤን ኤም አር የለውም። ናሙና ልከን ወራት እንጠብቃለን። ያለ መሣሪያ ምን ሊሠራ ይችላል?

ሲሊካ፦ ብዙ። የቲ ኤል ሲ ወረቀትህን ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ከጥቂት አዮዲን ጋር አስቀምጠው፤ የማይታየው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይወጣልሃል። ኤምበሊን ከሆነ የአሞኒያ ተን አስነካው፤ ብርቱካናማው ነጠብጣብ ዓይንህ እያየ ሐምራዊ ይሆናል። ናሙና የምትልከው እንዲህ አድርገህ ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ነው። ቆሻሻ ልከህ ወራት ብትጠብቅ የምትቀበለው የቆሻሻ ሥዕል ነው።

ደግሞ የአድዋ ልጅ ሆነህ ይህን ትጠይቀኛለህ? ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ያዩት በዓይናቸው ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይንሳፈፉ ነበር። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ከገዳዮቹ ሳፖኒኖች (እንደ ሳሙና አረፋ ከሚያወጡ የዕፅ ውህዶች) አንዱም በስማቸው ሌማቶክሲን ተብሏል።

እኔ የምወደው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ማንም አያወራውም። እኛ የዕፅ ኬሚስቶች ልማዳችን ዕፁን ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት አሟሚ) ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። የእንዶድን ፍሬ እንዲህ ብታደርገው ሳፖኒኑ ይወጣል፤ ቀንድ አውጣውን ግን አይገድልም። ምክንያቱም በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል ስኳር ተሸክሞ ነው የሚቀመጠው፤ እንደዚያ ሆኖ ምንም አያደርግም። ፍሬው በውኃ ሲወቀጥ የራሱ ኢንዛይም የአንዱን ጎን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። ሜታኖሉ ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል። ወንዝ ዳር ያሉት ሴቶች እየወቀጡ በውኃ ያሹት ነበር፤ ትክክለኛው አሠራር የእነርሱ ነበር። ስለዚህ የጥናት ዕቅድህ ላይ «በሜታኖል ይወጣል» ብለህ ከመገልበጥህ በፊት ሰው ዕፁን እንዴት እንደሚጠቀምበት ጠይቅ።

የወሎ ጉብል፦ አያቴ ኮሶ ጠጥተው ዘጠና ዓመት ኖሩ። ኬሚስት አላስፈለጋቸውም።

ጤና ረዳት፦ ስንት ሰው ኮሶ ጠጥቶ እንደ ተጎዳ ማን ቆጠረ?

የወሎ ጉብል፦ የባህል መድኃኒት መናቅ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ፈረንጅ ሲያሽገው ነው የምትገዙት።

ጤና ረዳት፦ የናቀ ማን ነው? መጠኑ ይታወቅ ነው ያልኩት!

ሲሊካ፦ ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ ሐሰት አይደለም። በብዛት ሲወሰድ የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ እስከ መታወርም እንደሚያደርስ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ያያትህ ዕድሜ ይባረክ፤ አንድ ሰው ግን ሙከራ አይባልም። ስለ ኮሶ ከዚህ በላይ አልመልስም።

ተስፈኛ፦ ሰላም ዶክተር፣ ስኮላርሺፕ አለ?

ሲሊካ፦ ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ተስፈኛ፦ አነበብኩ፤ ግን ቀላሉ የቱ ነው?

ሲሊካ፦ ቀላል የለም። ቀጥሉ።

ጅማ 07፦ አማካሪ እንዴት ይመረጣል? ስም ያለው ፕሮፌሰር ወይስ ወጣት?

ሲሊካ፦ ስሙን ተወው፤ ተማሪዎቹን ቡና ጋብዛቸው። የመጨረሻው ተማሪ በስንት ዓመት ተመረቀ? የጻፉትን ረቂቅ በስንት ሳምንት ይመልሳል? አሟሚ ሲያልቅ ማን ይገዛል? «ጎበዝ ሰው ነው፣ ብቻ ሥራ ይበዛበታል» ካሉህ ለመስማት የፈለግኸውን ሁሉ ሰምተሃል።

መምህር፦ እኔ 38 ዓመቴ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። አልዘገየሁም?

ሲሊካ፦ ወንድሜ፣ አልዘገየህም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተማሪ ብልቃጥ ሲሰበር ያየ ሰው አይደነግጥም፤ አለመደንገጥ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ብቻ ልለምንህ፤ መምህር ስለሆንክ አላውቅም ማለት ይከብድህ ይሆናል። ከሃያ አራት ዓመት ልጅ ጋር እኩል ቆመህ «አሳየኝ» በል።

የደሴዋ፦ ሌሊት ብቻዬን መሥራት ይፈቀዳል? የሚማሩ ጓደኞቼ እንደዚያ ያደርጋሉ።

ሲሊካ፦ አይሁን። የውጤት ትንተና ሌሊት መሥራት ትችያለሽ፤ እሳትና አሟሚ ባለበት ግን ሁለት ሆናችሁ ሁኑ። የኤተር (ቶሎ የሚተን አሟሚ) ጠርሙስ ስትከፍቺ የከፈትሽበትን ቀን ለጥፊበት። ኤተር ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲቆይ ፐርኦክሳይድ ያበጃል፤ ያን ሳያውቁ እስኪደርቅ ያተነኑት ሰዎች ፈንድቶባቸዋል። ቀን የሌለው የኤተር ጠርሙስ ካየሽ አትክፈቺው፤ ኃላፊውን ጥሪ።

ከሐዋሳ፦ ዶክተር፣ 2.9 ነበር ያልኩት፤ ወደ 3.0 ቢጠጋስ?

ሲሊካ፦ …

እንቆቆ፦ ዶክተር፣ ትናንት የጻፉትን የማጠቢያ ጠርሙስ ታሪክ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባዶውን አሟሚ አሁን አተነንሁት። በብልቃጡ ግርጌ ዘይት የመሰለ ነገር ቀርቷል። ቲ ኤል ሲው ላይ ከናሙናዬ ጋር እኩል ቁመት ላይ ወጣ።

ሲሊካ፦ ጠርሙስህስ?

እንቆቆ፦ የላስቲክ ነው። ቧንቧውም።

ሲሊካ፦ በብርጭቆ ቀይር። ኤምበሊንህ ግን አለ፤ እርሱ ከእንቆቆ ነው።

እንቆቆ፦ ለአማካሪዬ ምን ልበል? ለዲፓርትመንቱ ሁሉ ነግሯል።

ሲሊካ፦ ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፤ ሁለቱን ነጠብጣቦች አሳየው፤ ዝም በል። ወረቀቱ ላይ ቀን ጽፈሃል?

እንቆቆ፦ አሁን ጻፍኩ።