ስለ ወባ ትኩሳትና ስለ ባህላዊ መድኃኒቶቹ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየጉድጓዱ የሚቋጥርበት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው የወባ ዋና ወቅት በመግባቱ፣ በፋርማሲ ሙያ ለምሠራው ለእኔ የቀረቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርዱ ነጭ ሽንኩርትና ማር ይዘው ይሄዳሉ፤ ንዳድ ይከላከላል ይላሉ። እውነት ነው?

አይከላከልም። ነጭ ሽንኩርት በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የወባን ተሕዋሲ በመጠኑ ሲያዳክም ታይቷል፤ ሰው ከማር ጋር የሚበላው መጠን ግን ከወባ እንደሚጠብቅ የተረጋገጠ ነገር የለም። ከደጋ የሚወርድ ሰው በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኘው ከፊል መከላከያ ስለሌለው በሽታው ይበረታበታል። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን የወባ ወረርሽኝ ወደ ከፍታ ቦታዎች በወጣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። አባትዎ ሽንኩርቱን ቢይዙ አልቃወምም፤ አጎበር ሳይዙ ግን እንዳይሄዱ።

ጥያቄ፦ ግራዋ ጨምቄ ስጠጣ በማግስቱ ትኩሳቱ ይለቀኛል። ይህ መዳን አይደለም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የወባ ተሕዋሲ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሕዋሱን ሲያፈነዳ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይወጣል፣ ከዚያም ያልባል። ቫይቫክስ በተባለው ዓይነት ይህ ዑደት 48 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በሽተኛው አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ በማግስቱ ምንም ሳይወስድ ደህና ሊሆን ይችላል። በትኩሳቱ ቀን ግራዋ የጠጣ ሰው ታዲያ የማግስቱን ፋታ ለግራዋው ይሰጣል። ቫይቫክስ ከዚህም በላይ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ያገረሸውን ሕመም ብዙዎች እንደ አዲስ በሽታ ይቆጥሩታል። ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ራስን ወደ መሳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም መመርመር ያስፈልጋል። ግራዋ ለጠላ ጋን ማጠቢያነቱ ወደር የለውም፤ ለወባ ግን አልመክረውም።

ጥያቄ፦ የወባ መድኃኒት ከአሪቲ ዘመድ የሚሠራ ከሆነ፣ የጓሯችንን አሪቲ አፍልተን ብንጠጣ ምን አለበት?

መድኃኒቱ የሚገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለው ተክል ነው፤ የእኛ አሪቲና ጭቁኝ የዚያ ዘመዶች ቢሆኑም አርቴሚሲኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለሕክምና በሚበቃ መጠን አይሰጡም። ለዚህ ግኝት በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ፣ ጌ ሆንግ የተባለ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ይጠጣ ማለቱን አንብበው፣ ሙቀት ንጥረ ነገሩን ሳያጠፋው እንደማይቀር ስለጠረጠሩ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት። ትክክለኛው ተክል ቢኖርዎትም እንኳ የንጥረ ነገሩ መጠን ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለሕክምናም ሆነ ለመከላከያ አይደግፍም፤ ጥቂት መጠን ተሕዋሲውን ሳይገድል መድኃኒት የተላመደ ዘር ሊያተርፍ ይችላልና። አርቴሚሲኒን በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚወጣም ኮአርተም በተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ረጅም ጊዜ ከሚቆይ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሯል። ስድስት ጊዜ የሚወሰደውን መጠን በሦስት ቀን፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይጨርሱት፤ ያለ ቅባት ከተወሰደ በሚገባ ወደ ደም አይገባም።

ጥያቄ፦ የብሳና ቅጠልስ?

ይተዉት። ብርቱ ተቅማጥና ማስመለስ ያመጣል፤ በትኩሳት የደከመ ሰው ፈሳሽ መጨመር እንጂ ማጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ እናቴ ትኩሳት ሁሉ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ትሰጠናለች። ጉዳት አለው?

ዳማከሴውን አሽቶ ማሽተቱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ምርመራውን ማዘግየቱ ነው። ምርመራው ወባ የለም ቢል እንኳ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ደንጊ የተባለው ሌላ የትንኝ ትኩሳት ስለሚኖር፣ ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይውሰዱ እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ መድማትን ያባብሳሉና።

ጥያቄ፦ የወይራ ጭስ ትንኝ ያባርራል?

እየጨሰ ሳለ ይቀንሳል፤ ሲጠፋ ትንኟ ትመለሳለች፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል። ሊያጥኑ ከወደዱ ወደ ማታ ላይ በር ከፍተው ያጥኑ፤ ሲተኙ ግን የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር ይሸጉጡት። በድሬዳዋና በሶማሌ ክልል ከተሞች የገባችው ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ስለምትራባ፣ በርሜሉንና ሮቶውን በሚገባ ይክደኑ።