"ማንን ላስቀር?" ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ ልጅ፣ ስፖርት ሳይንስ ጨርሶ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ አትሌቲክስ ቡድን እንዲይዝ የተመደበ፣ "ጋሼ፣ 20 ልጅ አዘጋጅቼ የ14 ሰው በጀት ቢፈቀድልኝ ማንን ነው የማስቀረው?" ብሎ ጠየቀኝ። "በሰዓት ምረጥ፣ ሰዓት አያዳላም" ብዬ ሸኘሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱ ስህተት ሆኖ አይደለም፣ እኔ ራሴ በዛ መልስ ያልሰራሁበት ቀን ስላለ ነው። ስለዚ ለሱም፣ እንደሱ ቡድን ለያዛችሁ ወይ ልትይዙ ላላችሁ ልጆችም ይቺን ልጻፍ አልኩ። ከመሮጥ በፊት አሟሙቁ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሰዓት አክብሩ ምናምን አልላችሁም፣ እሱን ከኔ የተሻለ ተምራችሁታል።

ነገሩ የሆነው በ1993 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ጎንደር አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ስፖርት አስተምር ነበር፣ አትሌቲክሱም በኔ እጅ ነበር። የዛን አመት መስከረም ላይ ደራርቱ ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሺ ሜትር ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች፣ የመጀመሪያውን ባርሴሎና ላይ በ1984 ነበር ያገኘችው። ልምምድ ስንጀምር ታዲያ አምና አምስት ሴት መሰብሰብ ያቃተኝ ሰውዬ ሜዳው በሴት ልጆች ሞልቶ አገኘሁት። ግማሾቹ ጫማ የላቸውም፣ ስቶር ያለውም ስፓይክ፣ ሹል ያለው የመሮጫ ጫማ፣ ጥቂት ስለሆነ በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ ፈርሜ አውጥቼ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ነበር የማዘዋውረው።

መም፣ የሩጫ ትራክ፣ የሚባል ነገር አልነበረንም። ትክክለኛው የ400 ሜትር መም አንዱ ቀጥታው ብቻ 84.39 ሜትር ነው፣ የመታጠፊያው ሬዲየስ ደሞ 36.50፣ ያንን የሚችል ሜዳ ግቢው ውስጥ ስለሌለ ከዘበኛው ጋር ሆነን በገመድ ለክተን በኖራ 250 ሜትር ዙር አሰመርን፣ 3 ሺ ሜትር ማለት 12 ዙር ማለት ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ኖራው ይታጠባል፣ እንደገና እንለካለን። ያ ዘበኛ ነፍሱን ይማረውና ማንበብም መጻፍም አይችልም፣ ዙር የሚቆጥረው ግን እሱ ነበር፣ 12 ጠጠር በቀኝ ኪሱ ይይዝና ሯጯ ባለፈች ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሱ ያዞራል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ዳገት ጎሃ ላይ ነበር የምንሰራ፣ ረጅሙን ሩጫ ወደ አዘዞ መንገድ። ጎህ ሳይቀድ ጅብ ስለሚኖር ሴቶቹን ሰብስበን አብረን ነው የምንወጣ፣ ይሄን ዛሬም ቢሆን አትርሱት፣ ሴት ልጅን ብቻዋን በጨለማ ውጪና ሩጪ ብሎ ማዘዝ የለም።

ከነዚያ ልጆች መካከል ከዳባት ገጠር የመጣች አንዲት የመጀመሪያ አመት ተማሪ ነበረች። ስሟን አልጠራም። በሸራ ጫማ ነው የምትሮጥ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ለኛ ደጋ ናት፣ ለሷ ግን ከዳባት ለወረደችው ቆላ ነበረች መሰለኝ፣ ሌሎቹ ሲያለከልኩ እሷ አፏን ገጥማ ነው የምትጨርስ። ውድድሩ አስር ቀን ሲቀረው የ3 ሺ ማጣሪያ አደረግን። እሷ 11 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ ከሷ ቀጥላ የገባችው የሶስተኛ አመት ተማሪ 11 ደቂቃ ከ24። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ከዛ ደብዳቤው መጣ። ባህር ዳር ለሚደረገው የኮሌጆች ውድድር ከኔ ሌላ ለ18 ልጅ አበልና መኪና ጠይቄ የ15 ተፈቀደ፣ ከ15ቱ ሁለቱን ወንበር የቢሮ ሰዎች ይዘውታል። እነሱ ሰዎች ለምን እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም። ጠረጴዛው ፊት ቆሜ እሺ ብዬ ወጣሁ። ይሄን በማንም ላይ አላላክክም፣ ቡድኑ የኔ ነበረ። አምስት ልጅ መቀነስ አለብኝ፣ አራቱ በውጤታቸው ቀሩ፣ አኩርፈውም ቢሆን ያምኑበታል። አምስተኛው ላይ ስደርስ ለሴቶች 3 ሺ አንድ ቦታ ብቻ ቀረኝ። ያቺ የሶስተኛ አመቷ ልጅ የአንድ ባልደረባዬ የእህት ልጅ ናት፣ ባልደረባዬ ምንም አላለኝም፣ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ግን ብትቀር ምን እንደሚለኝ እኔው ራሴ አሰብኩለት። ለዳባቷ ልጅ የሚናገርላት ሰው አልነበረም። "የመጀመሪያ አመት ናት፣ ለሚቀጥለው ትደርሳለች" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ በወሰደበት በዛው አመት እኔ የአንዲት ልጅ 14 ሰከንድ ጣልኩ።

ዝርዝሩን ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ከግቢው ሲወጣ ጠብቄ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። እሷ አዘዞ ዘመድ ቤት ነበር የምታድረው፣ አላየችውም። ሌሊት 11 ሰዓት ኮስተሩ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲሳፈር ሮጣ መጣች፣ በጨለማ ከአዘዞ ድረስ ማን እንደሸኛት እስካሁን አላውቅም። በመስኮቱ በኩል "መምህር፣ ዘገየሁ እንዴ?" አለችኝ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። ከወንበሬ ሳልነሳ "ዝርዝሩን አላየሽም? ስምሽ የለም እኮ" አልኳት።

ዝም ብላ ቆመች። አላለቀሰችም፣ ለምን አላለችም፣ ብትል ምን እንደምመልስላት እንጃ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ከቦርሳዋ አንድ የጨርቅ ከረጢት አውጥታ በመስኮቱ ሰጠችኝ፣ "እናቴ ለሁላችሁ ብላ የላከችው ዳቦ ቆሎ ነው፣ መንገድ ላይ ብሉት" አለች። አዲስ ዘመን ከተማ ስንደርስ ልጆቹ ከፈቱት፣ ተካፈሉት። እኔም በላሁ። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ፣ የወሰድኳት ልጅ ሶስተኛ ወጣች። ጎበዝ ናት፣ ያላትን ሁሉ ሮጠች፣ ነሐስ አጠለቀች፣ በሷ ላይ ምንም የምለው የለኝም። ሰው ሁሉ ምርጫህ ትክክል ነበር አለኝ፣ እኔም ለሁለት አመት ያህል አመንኩ። ከውድድር ስንመለስ ግን የዳባቷ ልጅ ሜዳ አልመጣችም። ሰኞ ጠበቅኳት፣ ረቡዕ ጠበቅኳት፣ ከዛ አኩርፋለች ስታበቃ ትመጣለች አልኩና ተውኩት። የምትማርበት ክፍል እኔ ከማስተምርበት ሶስት በር ይርቅ ነበር። ሄጄ አልጠራኋትም። ዘበኛው ብቻ "ያቺ የዳባት ልጅ የት ገባች?" እያለ አንድ ሁለቴ ጠየቀኝ።

አበሉንም ልጻፈው፣ ስለ ገንዘብ መነጋገር ስለማንወድ ነው እንጂ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። እኔም እንደ ሰው የአራት ቀን አበል ወስጃለሁ፣ ባህር ዳር ገበያ ወጥቼ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዛሁበት። ብርድ ልብሱ አሁንም ቤቴ አለ። ያ ገንዘብ ለአንዲት ልጅ የአውቶብስ ደርሶ መልስና ምግብ በቂ ነበር፣ መኝታ ደሞ ከሴቶቹ ጋር ትጋፋለች። በጀት የለም እያልኩ ሳወራ በጀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ብዙ አመት ቆይቶ ፋሲለደስ ስታዲየም የተማሪዎች ውድድር ለማየት ሄጄ አንዲት ሴትዮ ከጀርባዬ "መምህር፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። እሷ ናት። አስተማሪ ሆናለች፣ የትምህርት ቤቷን ልጆች ይዛ መጥታለች። ልጆቹን ሰብስባ "የኔ አሰልጣኝ ነበሩ፣ ሰላም በሏቸው" ብላ አስጨበጠችኝ። ከልጆቹ አንዱ ማሊያ አልለበሰም፣ ጂንስ ሱሪ አድርጎ የሌሎቹን ቱታ ታቅፎ ተቀምጧል። ይሄስ አልኳት። "እሱ በማጣሪያ ቀርቶ ነው፣ ግን ይዤው መጣሁ፣ ልብስ ይጠብቅልናል" አለችኝ። በማን ወጪ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ገብቶኛል። የዛን ቀን ይቅርታ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ የ800 ሜትር ጥሪ ተጠራና ልጆቿን ይዛ ሮጠች። ጥሪውም ባይኖር የምናገረው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በሰዓት ምረጥ ያልኩህ አሁንም ልክ ነው፣ ማጣሪያውን ሁሉም እያየ አድርገው፣ ውጤቱን እዛው ሜዳ ላይ ጮክ ብለህ አንብበው። ግን እኮ እኔ በ1993 ጦር ውርወራ ላይ ብዙም ውጤት ያልነበረው አንድ ልጅ ወስጃለሁ፣ የፈራውን የሚያረጋጋ፣ የታመመውን የሚደግፍ ልጅ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን እወስደዋለሁ። ስለዚ ሰዓት ብቻ ነው ማለቴም ሙሉ አይደለም። እንደሱ አይነት ልጅ ስትወስድ ግን ለምን እንደወሰድከው ለቀሪዎቹ ፊት ለፊት ንገራቸው።

የአሁን ልጆች ላይ ቅር የሚለኝ ነገርም አለ። የልብ ምታችሁን ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ፣ አንድ ውድድር ከሮጣችሁ በኋላ ማናጀርና ቪዛ ነው ወሬው፣ ሁለት አመት ዝም ብሎ ዳገት የሚወጣ ጠፋ። ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቡድን ኦሎምፒክ የሚደርስ ስንት ሰው ነው? አብዛኞቹ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ሂሳብ ሰራተኛ ነው የሚሆኑት፣ ቡድኑም ለነሱ ነው። ሁዳዴ ላይ ደሞ 55 ቀን ጾመው የሚሮጡ ልጆች አሉ፣ ጾሙን ተዉ አትበሏቸው፣ ኢንተርቫሉን፣ እያረፉ በፍጥነት የሚደጋግሙትን ሩጫ፣ ቀንሱላቸው፣ ምስሩንና ጎመኑን ካፌው እንዲያበዛ ሂዱና ተነጋገሩ፣ ዝም ብላ የምትደክም ሴት ልጅ ካለች ሰነፈች ሳትሉ ደም ማነስ እንዳይሆን ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እኔ ይሄን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።

አንተ ልጅ ግን ደብዳቤው ሳይመጣ ቀድመህ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል፣ እኔ በእድሜህ ማንንም አልጠየቅኩም። ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍህ በፊት የሚቀሩትን አንድ በአንድ ጥራና ቁጭ ብለህ ንገራቸው፣ ማታ ሳይሆን በቀን፣ ቢያለቅሱም ቢቆጡህም አትነሳ። የቢሮ ሰው ስም ከገባበት ለምን እንደሚሄድ ጠይቅ፣ በትህትና ጠይቅ፣ ግን ጠይቅ። ደብዳቤው የደረሰህ ቀን ደውልልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ማራኪ ሰፈር ድረስ ና፣ ስም ዝርዝሩንና የማጣሪያውን ደብተር ይዘህ ና፣ አበልህ ስንት እንደሆነም ጽፈህ አምጣ።