ኪኒኑ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ውሃውስ?

በቅርቡ እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት የጤና ተማሪ አገኘችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ስለ ዓለም አቀፍ ጤና ይቀሰቅሳሉ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ገጠር ወርደው በበጎ ፈቃድ ይሠራሉ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ጭንቀታቸው በርትቷል። «ሲስተር፣ ለለጋሾች ብንጽፍ ይሻላል ወይስ ቀበሌ ወርደን ብንሠራ?» አለችኝ። «ሁለቱንም» ብያት ተለያየን። ቤቴ ስገባ ግን አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

ያገኘኋት በትራኮማ ዘመቻ ነው። ትራኮማ የዐይን በሽታ ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዐይን ቆብን ከውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። ልጆችን አቅፈው የሚውሉት ሴቶች ስለሆኑ በብዛት የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። በክልላችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የማልትራ ሳምንት እየተባለ የወባና የትራኮማ ዘመቻ ሲካሄድ እኔም በጣና ዳር ቀበሌዎች ዞሬያለሁ። የሰውን ቁመት በዘንግ እየለካን አዚትሮማይሲን የተባለውን የትራኮማ ኪኒን እናድል ነበር።

ያቺ ሴት ልጆቿን አሰልፋ መጣች። አንገቷ ላይ በማተቧ ወረንጦ አንጠልጥላለች። ጠዋት ጠዋት የዐይኗን ፀጉር በሱ ትነቅላለች። ነቅላው ይበቅላል፤ ሲበቅል ደግሞ አጭርና ሻካራ ሆኖ የባሰ ይወጋል። ቆቡን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና በነጻ እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያ ተሠርታ በዚያው ቀን ቤቷ እንደምትገባ ነገርኳት። አዳመጠችኝ። ከዚያ «ጤፉ ሳይታጨድ ዐይኔን ታስሬ ልቀመጥ? አጨዳው ይለቅና እመጣለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል። ማን ያጭድላት?

አጨዳው አለቀ። የቀዶ ሕክምናው ቡድን ግን አልተመለሰም። የነዳጅ በጀት የለም ተባለ። በሚቀጥለው ዙር ስንሄድ ግራ ዐይኗ ነጭ ለብሶ አገኘሁት። ትልቋ ልጇ ትምህርቷን አቋርጣ ውሃ ትቀዳለች። ቀኙን አሠራንላት፤ ግራው ግን አልሆነም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቀጠሮዋን የሰጠችን እሷ ናት፤ ልክ የነበረውም የሷ ቀን ነው።

ያን ቀን «የልጆቹን ፊት በየቀኑ አጥቢ» እያልኩ ሳስተምር አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እህቴ፣ ኪኒኑ ከባሕር ማዶ ድረስ በነጻ ይመጣል። ውሃው ያውና ከታች። እኛ ጋ የማይደርሰው ለምንድን ነው?» ጣና ከደጇ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ጀሪካን ለማምጣት ግን ዳገቱን መውጣት አለባት። ሐይቁ ውስጥ ገብቶ መቅዳቱም ቢልሃርዚያ ያስይዛል። መልስ አልነበረኝም።

እናንተ ተማሪዎች ልትጮኹበት የሚገባው ነገር ይህ ይመስለኛል። ኪኒኑን የአሜሪካው መድኃኒት አምራች ፋይዘር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በ2023 ከአንድ ቢሊዮን ዶዝ አልፏል። ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን የማጥፊያ ስልት አራት እግር አለው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የውሃና የመጸዳጃ ሁኔታን ማሻሻል። ኪኒን ይቆጠራል፤ ቀዶ ሕክምናም ይቆጠራል። ለሪፖርት ይመቻሉ። ሁለቱ የኋለኞቹ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በክልላችን መድኃኒቱ ለዓመታት ታድሎም በሽታው ያልለቀቃቸው ወረዳዎች አሉ። ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት አስወጥተዋል። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው።

የዛሬ ልጆች ከኛ ይልቅ ደፋር ናችሁ። እኛ አለቃ ፊት አንናገርም ነበር። ግን ትቸኩላላችሁ። ባነር ዘርግታችሁ፣ ከታማሚው ጋር ፎቶ ተነስታችሁ፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ታወጡታላችሁ። የታማሚ ፎቶ አልወድም። በእርግጥ እምቦጭ ጣናን ሲወር ከአዲስ አበባ ድረስ ወጣቱን ጠርቶ ያመጣው ፎቶው ነው። ያኔ እኔም ቦት ጫማ አድርጌ ወጥቻለሁ፤ የማላውቀው ልጅ እጄን ይዞ ከጭቃው አወጣኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶ ከሆነ እንግዲህ የሐይቁን አንሱ፤ የሰው ዐይን ግን ይቅር። እምቦጩም ቢሆን በጎ ፈቃደኛው ሲበተን መልሶ በቅሏል።

ለዚህ ነው የአንድ ክረምት ዘመቻ የማያረካኝ። አንድ ቀበሌ ያዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስልክ ያዙ። «ከአጨዳ በኋላ» ያሉትን ሰዎች ስም መዝግቡና ታኅሣሥ ላይ ደውሉ። ቡድኑ ካልመጣ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። እናንተን ተማሪ ብለው ይሰሟችኋል፤ ገበሬዋን አይሰሟትም።

ለለጋሽ ስትጽፉም ስለ ዓለም ጤና በጥቅሉ አትጻፉ። ከዚያች ቀበሌ እስከ ውሃው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ለስንት ቤት ስንት ቦኖ አለ? የትኛው ተበላሽቷል? ይህን ለክታችሁ ጻፉ። የምትለኩት ግን ክረምት ላይ አይሁን፤ ክረምት ሁሉም ደጅ ውሃ አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሂዱ።