መልስ፦ ቡና በዓለም ገበያ ሲወደድ ገበሬው ለምን አያየውም?

ሰላም ወንድሜ። «ጅማ ያለው አጎቴ ቡና ተወደደ ሲባል በሬዲዮ ይሰማል እንጂ ኪሱ አልገባም፤ ዋጋውን ማን ነው የሚቆርጠው?» ብለሃል።

የአረቢካ (የኛው አገር የቡና ዓይነት) መነሻ ዋጋ የሚቆረጠው ኒውዮርክ ነው፣ የሮቡስታው (የሌላው ዓይነት) ለንደን። እዚያ ከሚገበያዩት ብዙዎቹ የቡና ጆንያ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የሚሸጡት የሚገዙት ገና ያልደረሰ ምርት ውል ነው። ስለዚህ ብራዚል ዝናብ ሲጠፋ ዋጋው ወዲያው ይዘላል፤ ከዓለም ቡና አንድ ሦስተኛ ገደማውን የምታመርተው እሷ ናትና። በ2021 (በፈረንጆቹ) ውርጭ መታት፣ በ2024 ደግሞ ድርቅ። ቬትናምም በዚያው ዓመት ደረቀባት። በ2025 መጀመሪያ አረቢካ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ4 ዶላር አለፈ።

አሁን ወደ አጎትህ። እሸቱን ለቅሞ እዚያው የሚሸጥ ከሆነ፣ ከወራት በኋላ የሚመጣው ጭማሪ የሱ አይደለም። አቆይቶ የሸጠው ነው የሚያገኘው። ግን የልጆች ወጪ፣ የለቃሚ ክፍያ፣ ብድር አለ፤ ማን ይጠብቃል? እሸቱን ከነገለባው አድርቆ (ጀንፈል አድርጎ) ማስቀመጥ ከቻለ ትንሽ ይሻለዋል። በመሃል ደግሞ ሰብሳቢ፣ አቅራቢ፣ ላኪ አሉ፤ ሁሉም ይቆነጥራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አላስገባም የሚል ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ተራዝሟል፣ ግን አልቀረም። የማሳው መገኛ ካልተመዘገበ ቡናው እዚያ መግባት ይከብደዋል። የአጎትህ ማኅበር መሬቱን አስለክቶ እንደሆነ ጠይቀው እስቲ።